ባዶ ቦታም ይነበባል

(ለመሠረተ ትምህርት ተከታታዮች በሬድዮ የቀረበ ንግግር)

ይህ ንግግር ታትሞ እጃችሁ ሲገባ አዳማጮች ብቻ ሳትሆኑ አንባቢዎችም ናችሁ። ስለዚህ ጣታችሁን ከመስመሩ ሥር አድርጉና ሳትቸኩሉ አብራችሁኝ አንብቡ።

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ክፍተትና ስለ ጉድለት ነው። «ስለሌለ ነገር ምን ይነገራል?» ትሉ ይሆናል። ብዙ ይነገራል።

ክፍተት ማለት በሁለት ነገሮች መካከል ያለ ባዶ ቦታ ነው። ጉድለት ማለት ደግሞ መኖር ሲገባው የሌለ ነገር ነው። ሁለቱ ይቀራረባሉ፤ ግን አንድ አይደሉም። በበርና በመቃኑ መካከል ያለች ጠባብ ክፍተት በሩ እንዲከፈትና እንዲዘጋ ታደርጋለች። ጉድለት አይደለችም። ከአጥር ላይ አንድ እንጨት ወድቆ የተወው ክፍተት ግን ጉድለት ነው። በእርሱ በኩል ጥጃ ይወጣል፣ ጅብ ይገባል።

እንግዲህ ማንበብ የተማረ ሰው ፊደሉን ብቻ ሳይሆን ባዶውንም ማንበብ አለበት። ባዶ ቦታ ሲያይ ሦስት ነገር ይጠይቅ። አንደኛ፣ ይህ ባዶ ቦታ እንዳለ ሊተው የሚገባው ነው ወይ? ሁለተኛ፣ ሊሞላ የሚገባው ነው ወይ? ሦስተኛ፣ «ለምን ጎደለ? ምን ይነግረናል?» ተብሎ ሊጠየቅበት የሚገባ ነው ወይ? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ይዘን ወደ ልዩ ልዩ ሥራዎች እንግባ።

በጽሑፍ ውስጥ

እስቲ ከምታውቁት እንጀምር። «ወንድምአገኘሁ» ብለን አያይዘን ብንጽፍ የሰው ስም ነው። «ወንድም አገኘሁ» ብለን በመካከል ባዶ ቦታ ብንተው ግን ስም መሆኑ ይቀራል። ተናጋሪው ወንድም ማግኘቱን እየነገረን ነው። ፊደሎቹ ያው ናቸው። አንድም አልተጨመረም፣ አንድም አልተቀነሰም። ትርጉሙን የለወጠው በመካከል የተተወው ቦታ ነው።

የጥንት ጸሐፊዎች በብራና ላይ ሲጽፉ በቃልና በቃል መካከል ሁለት ነጥብ (፡) ያደርጉ ነበር። ዛሬ በአብዛኛው ነጥቦቹ ቀርተው ባዶ ቦታ ተተክቷል። ነጥቦቹ ቢቀሩም ሥራቸው አልቀረም፤ ክፍተቱ ይሠራላቸዋል። ስለዚህ ደብዳቤ ስትጽፉ በቃላት መካከል የአንድ ፊደል ያህል ቦታ ተዉ። ይህ ሊተው የሚገባው ክፍተት ነው።

በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ ደግሞ አንድ የጎደለ ነገር አለ። «አለ» የሚለውን ቃል ተመልከቱ። ላልቶ ሲነበብ «ተናገረ» ማለት ነው። ጠብቆ ሲነበብ «ይገኛል» ማለት ነው። «ገና» የሚለውም እንዲሁ ነው። ላልቶ ሲነበብ «ጊዜው አልደረሰም» ማለት ሲሆን፣ ጠብቆ ሲነበብ የልደት በዓል ነው። በወረቀቱ ላይ ግን መጥበቁንና መላላቱን የሚያሳይ ምልክት አይደረግም። ታዲያ አንባቢው በምን ያውቃል? ከፊትና ከኋላ ያሉትን ቃላት አይቶ ያውቃል። «አባባ ቤት አለ» ከሚለው ቀጥሎ «ግቡና ጠይቁት» የሚል ካለ፣ አባባ ቤት መኖሩን ተረዳን ማለት ነው። አዲስ አንባቢ አንድ ቃል ቢያደናግረው እዚያው ቆሞ አይጨነቅ። ዓረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው ያንብብና ተመልሶ ይየው። የጎደለውን ጎረቤት ቃላት ይሞሉለታል።

በቁጥር ውስጥ

የግዕዝ ቁጥሮችን የምታውቁ ትኖራላችሁ። ሃያ አምስት ሲጻፍ ፳፭ ነው። ሁለት መቶ አምስት ሲጻፍ ፪፻፭ ነው። በግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለም። መቶ የራሱ ምልክት (፻) ስላለው ዜሮ አያስፈልገውም።

ዛሬ በገበያና በቢሮ የምንጠቀምባቸው አኃዞች ግን ከህንድ ሊቃውንት ተነሥተው በዐረቦች በኩል ወደ ሌላው ዓለም የተዛመቱ ናቸው። በእነዚህ አኃዞች የቁጥሩ ዋጋ የሚታወቀው በቆመበት ቦታ ነው። 205 ብለን ስንጽፍ 2 በመቶ ቤት፣ 5 በአንድ ቤት ቆመዋል። በአሥር ቤት ማንም የለም። ማንም አለመኖሩን የምትነግረን ዜሮ ናት። ዜሮን አውጥተን ብንጥላት 2 ወደ አሥር ቤት ትገባና ቁጥሩ 25 ይሆናል።

ይህ ቀልድ አይደለም። አንድ ገበሬ 205 ኪሎ እሸት ቡና አስመዝኖ ደረሰኙ ላይ 25 ኪሎ ተብሎ ቢጻፍለት፣ 180 ኪሎ ቡና ጠፋበት ማለት ነው። ቡናው የጠፋው ከጆንያው ተሰርቆ አይደለም። አንዲት ክብ ምልክት ስለ ጎደለች ነው። ስለዚህ ደረሰኝ ስትቀበሉ ከሚዛኑ ሳትርቁ አንብቡ። ቁጥሩን በአኃዝ አንብቡ፤ በፊደል የተጻፈ ካለም አስተያዩ። ሁለቱ ካልተስማሙ እዚያው ይታረም።

በውል ወረቀት ላይ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ መጣን። ገንዘብ ስትበደሩ፣ መሬት ስታከራዩ፣ ቡና በቅድሚያ ክፍያ ስትሸጡ ወረቀት ይቀርብላችኋል። ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ማንበብ አንድ ነገር ነው። ያልተጻፈውን ማየት ደግሞ ሌላ ነገር ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1728 ላይ ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ ሰዎች ጥበቃ አድርጓል። ማንበብ የማይችል ሰው ፊርማ ወይም የጣት ምልክት በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም። ሕጉ ይህን ያደረገው ሰውየው ምን ላይ እንደ ፈረመ ሊያውቅ አይችልም ብሎ ነው።

እናንተ ግን አሁን ታነባላችሁ። ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው ሲፈርም ይህ ጥበቃ ከላዩ ላይ ይነሣል። «አላነበብኩትም ነበር» ማለት አያዋጣም። እንግዲህ ትምህርት መብትን ብቻ ሳይሆን ኃላፊነትንም ይዞ ይመጣል። ከሁሉ ይልቅ መጠንቀቅ ያለባችሁ ባዶ ቦታዎችን ነው።

እነዚህን አምስት ነገሮች ልብ በሉ።

አንደኛ፣ በባዶ ወረቀት ላይ ከቶ አትፈርሙ። «እኔ በኋላ እሞላዋለሁ» የሚል ሰው የቅርብ ዘመድ ቢሆንም እንኳ በትሕትና «አሁኑኑ ሞልተን እንፈርም» በሉት።

ሁለተኛ፣ በቁጥሩ ፊት ባዶ ቦታ አይተው። 5000 ብር ተብሎ ከተጻፈውና ፊቱ ባዶ ከሆነው ወረቀት ላይ አንድ ሰው 1 ቢጨምርበት 15000 ብር ይሆናል። ስለዚህ ገንዘቡ በአኃዝም በፊደልም ይጻፍ፦ «5000 (አምስት ሺህ) ብር» ተብሎ።

ሦስተኛ፣ ከመጨረሻው መስመርና ከፊርማው መካከል የተረፈ ሰፊ ቦታ ካለ በላዩ ላይ መስመር ይሠመርበት። ባዶውን የሚሞላው መስመሩ ነው።

አራተኛ፣ ቀኑን ተመልከቱ። ቀን፣ ወርና ዓመተ ምሕረት የሌለው ውል መቼ እንደሚጀምርና መቼ እንደሚያልቅ ማከራከሩ አይቀርም።

አምስተኛ፣ ምስክሮች የሚፈርሙበት ቦታ ባዶ ይሁን አይሁን እዩ። በጽሑፍ መደረግ አለበት ተብሎ በሕግ የታዘዘ ውል ሁለት ምስክሮች ሊፈርሙበት ይገባል። ከዚያም አንዱን ቅጂ ለራሳችሁ ተቀበሉ። እጃችሁ ላይ ያልቀረ ወረቀት፣ እርሱም ራሱ አንድ ጉድለት ነው።

በሕፃን አናት ላይ

ባዶ ቦታ ሁሉ ክፉ ነው እንዳንል ወደ ሰው አካል እንሂድ። እናቶች ሕፃን ሲያጥቡ በአናቱ ላይ አጥንት የሌለበት ለስላሳ ቦታ ያገኛሉ። እርግብግቢት ይባላል። የራስ ቅል አጥንቶች ገና ስላልተጋጠሙ በመካከላቸው የተተወ ክፍተት ነው።

ይህ ክፍተት ሁለት ሥራ አለው። በወሊድ ጊዜ አጥንቶቹ እየተጠጋጉ የሕፃኑ ራስ በጠባብ መንገድ እንዲያልፍ ያደርጋል። ከተወለደ በኋላ ደግሞ አንጎሉ በፍጥነት ሲያድግ ቦታ ይሰጠዋል። የፊተኛው እርግብግቢት አብዛኛውን ጊዜ ሕፃኑ ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ሲሞላው ይገጥማል።

እርግብግቢት እንደ ጽሑፍ ይነበባል። ተቅማጥና ትውከት ያለበት ሕፃን እርግብግቢቱ ጎድጉዶ ከታየ ከሰውነቱ ውኃ እየጎደለ ነው ማለት ነው። ቅቤ መቀባት የጎደለውን ውኃ አይመልስም። የሚመልሰው በጤና ጣቢያና በጤና ኬላ የሚሰጠው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ነው። በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን በንጹሕ ውኃ ተበጥብጦ በትንሽ በትንሹ ይሰጠው። ጡት ማጥባትም አይቋረጥ። ሕፃኑንም ወዲያው ወደ ጤና ድርጅት ውሰዱት። እርግብግቢቱ ካበጠና ትኩሳት ካለውም አደገኛ ምልክት ነውና አንድ ቀን እንኳ አትጠብቁ።

በክትባት ካርድ ላይ

የሕፃናት ክትባት ካርድ ላይ ትንንሽ ሣጥኖች ተሠርተዋል። በእያንዳንዱ ሣጥን ውስጥ ቀን ይጻፋል። ሕፃኑ እንደ ተወለደ፣ በ6 ሳምንቱ፣ በ10 ሳምንቱ፣ በ14 ሳምንቱ ክትባት አለው። በ9 ወሩ የኩፍኝ ክትባት ይሰጠዋል፤ በ15 ወሩም ሁለተኛው ይደገማል። ቀን ያልተጻፈበት ሣጥን ካያችሁ ያ ሣጥን እየተናገረ ነው። «ይህ ልጅ ከዚህኛው በሽታ ገና በሚገባ አልተጠበቀም» ይላል።

አንዳንድ እናቶች አንዱ ቀጠሮ ካለፋቸው በኋላ ይቆጡኛል ብለው ጨርሶ ይቀራሉ። «ከእንግዲህ ከመጀመሪያው ሊጀመር ነው» ብለው የሚያስቡም አሉ። እንደዚያ አይደለም። የተቋረጠ ክትባት ከቆመበት ይቀጥላል፤ እንደ አዲስ አይጀመርም። ስለዚህ ዛሬ ማታ ካርዱን አውጡና ራሳችሁ አንብቡት። ባዶ ሣጥን ካገኛችሁ በሚቀጥለው የክትባት ቀን ልጁን ይዛችሁ ሂዱ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።

ስለ መድኃኒት አንድ ነገር ልጨምር። በደዴሳ ሸለቆና በሌሎቹ ቆላማ ቦታዎች የወባ በሽታ እንዳለ ታውቃላችሁ። ለወባ የሚሰጠው ኳርተም የሚባለው መድኃኒት በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለሦስት ቀን ይዋጣል። የክኒኑን ማሸጊያ ተመልከቱት። እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ክኒን የወጣበት ባዶ ጉድጓድ ደህና ነው። ሦስቱ ቀን ካለፈ በኋላ ክኒን እንደ ያዘ የቀረው ግን ጉድለት ነው። «ተሽሎኛል» ብሎ መድኃኒቱን ያቋረጠ ሰው በሽታውን በደሙ ውስጥ አስቀርቷል።

በአፈርና በጨው ውስጥ

የኢሉባቦር ምድር ለም ነው። ጎሬ በሀገራችን እጅግ ብዙ ዝናብ ከሚዘንብባቸው ከተሞች አንዷ ናት። ነገር ግን ብዙ ዝናብ ሲዘንብ ከደጋው አፈር ውስጥ አንድ የማይታይ ነገር አጥቦ ይወስዳል። አዮዲን ይባላል። በአፈሩ ውስጥ አዮዲን ከጎደለ በሰብሉ ውስጥ ይጎድላል። በሰብሉ ከጎደለ በሰውየው ውስጥ ይጎድላል። አንገት ላይ የሚወጣው እንቅርት በአብዛኛው የዚህ ጉድለት ምልክት ነው። በምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች እንቅርት የበዛውም ስለዚህ ነው።

እንቅርት የሚታየው ጉዳት ነው። የማይታየው ይብሳል። ነፍሰ ጡር እናት አዮዲን ከጎደላት የፅንሱ አንጎል በሚገባ ላያድግ ይችላል። ልጁ በኋላ ትምህርት ቢከብደው ሰነፍ ነው ይባላል እንጂ አዮዲን እንደ ጎደለው ማንም አያስበውም።

የሚገርመው የሚያስፈልገው መጠን ነው። አንድ ሰው በዕድሜው ሙሉ የሚያስፈልገው አዮዲን ቢጠራቀም ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይበልጥም። ግን በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ መገኘት አለበት። ስለዚህ በ2003 ዓ.ም. ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያዝ ደንብ ወጥቷል። ጨው ስትገዙ በማሸጊያው ላይ «አዮዲን ያለው» የሚል ጽሑፍ መኖሩን አንብቡ። ጽሑፉ ከሌለ ባለሱቁን ጠይቁ። ጨዉን ከፀሐይና ከእርጥበት ጠብቃችሁ በክዳን ዕቃ አስቀምጡ። ወጥ ውስጥም ሊወጣ ሲል ጨምሩት፤ ብዙ ሲፈላ አዮዲኑ ይቀንሳል።

በቀፎና በቡና ጥላ ውስጥ

ንብ አናቢዎች ስለ ክፍተት ከሁላችን ይልቅ ያውቃሉ። ንብ በእንጀራዋና በእንጀራዋ መካከል የምትመላለስበት መንገድ ትተዋለች። በ1843 ዓ.ም. ገደማ ላንግስትሮት የሚባል አሜሪካዊ ንብ አናቢ ይህን መንገድ በጥንቃቄ አየው። ስፋቱ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን ንቦቹ እንዳለ ይተዉታል። ከዚያ በጣም ከጠበበ በሙጫ ይደፍኑታል። በጣም ከሰፋ ደግሞ ተጨማሪ እንጀራ ይሠሩበታል። ሰውየው ይህን ክፍተት ለክቶ ቀፎ ሠራ። ፍሬሞቹ ሳይጣበቁ አንድ በአንድ የሚወጡበት ዘመናዊ ቀፎ የተገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ከረዥም ዛፍ ላይ በሚሰቀለው ባህላዊ ቀፎ ማር ሲቆረጥ እንጀራው ይሰበራል። በዘመናዊው ቀፎ ግን ማሩ ተጣርቶ እንጀራው ለንቦቹ ይመለስላቸዋል። ይህን ሁሉ ያስገኘው ከአንድ ጣት የጠበበ ባዶ ቦታ ነው።

ወደ ደኑም እንግባ። በያዮ ደን ውስጥ ቡና ሰው ሳይተክለው ይበቅላል። ደኑ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው። እዚያ ቡናው ከወንዛ፣ ከሰሳና ከብርብራ ጥላ ሥር ይኖራል። በጥላው መካከል ትንሽ ክፍተት ሲኖር ብርሃን ይገባና ቡናው ያብባል። ትልቅ ዛፍ አርጅቶ ሲወድቅም በተወው ክፍተት አዲስ ችግኝ ይነሣል። ይህ መልካም ክፍተት ነው።

ነገር ግን አንድ ሰው ብዙ ፍሬ ላግኝ ብሎ የጥላውን ዛፍ ሁሉ ቢቆርጥ ምን ይሆናል? ቡናው አንድ ዓመት ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ሊያፈራ ይችላል። ከዚያ በኋላ ግን ይደክማል፤ ቅርንጫፉ ከጫፍ ጀምሮ ይደርቃል። እንግዲህ ክፍተት ሁሉ ልክ አለው። ንቧም ገበሬውም የሚያውቁት ይህንኑ ልክ ነው።

በሊቃውንት ሥራ ውስጥ

በ1861 ዓ.ም. ሜንዴሌቭ የሚባል የሩስያ መምህር ነበረ። በዚያ ዘመን የታወቁት ንጥረ ነገሮች፣ ማለት እንደ ብረት፣ እንደ ወርቅና እንደ መዳብ ያሉት፣ 63 ነበሩ። በክብደታቸውና በጠባያቸው በሠንጠረዥ ደረደራቸው። ሲደረድር አንዳንድ ቦታ የሚገባ አላገኘም። ሌላ ሰው ቢሆን የተገኘውን አስጠግቶ ክፍተቱን ይሸፍነው ነበር። እርሱ ግን ቦታውን ባዶ ተወው። «እዚህ የሚገባ ገና ያልተገኘ ነገር አለ» ብሎ፣ ክብደቱና ጠባዩ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ተናገረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጋሊየም፣ ስካንዲየምና ጀርማኒየም የሚባሉት ተገኙና በየባዶ ቦታቸው ገቡ። ሜንዴሌቭን ያስከበረው የሞላው ብቻ ሳይሆን ባዶ የተወውም ነው።

በሀገራችንም ምሳሌ አለ። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በአፋር፣ ሐዳር በተባለ ቦታ የድንቅነሽ፣ ወይም የሉሲ አጽም ተገኘ። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ አለው። የተገኘው ከመላ አጽሟ 40 ከመቶ ያህሉ ነው። የቀረውን በምን አወቁ? የሰው አካል ቀኙና ግራው ይመሳሰላል። የአንዱ ወገን አጥንት ከተገኘ የሌላው ወገን ይታወቃል። እንግዲህ የተገኘውን በሚገባ የመረመረ ሰው የጎደለውን ሊያውቅ ይችላል።

ሌላው ክፍተት በአክሱም ነበረ። ጣልያን በ1929 ዓ.ም. 24 ሜትር ርዝመት ያለውን የአክሱም ሐውልት ወስዳ ሮም ላይ አቆመችው። በ1939 ዓ.ም. በተፈረመው የሰላም ውል ከኢትዮጵያ የወሰደችውን ቅርስ ለመመለስ ግዴታ ገባች። ቃሉ ተጻፈ፤ ቦታው ግን ባዶ እንደ ሆነ ቆየ። ኢትዮጵያውያን ውሉን እያሳዩ መጠየቃቸውን አልተዉም። በመጨረሻ ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ተመለሰ፤ በ2000 ዓ.ም. በቦታው ቆመ። ይህ «ለምን ጎደለ?» ተብሎ የሚጠየቅበት ክፍተት ነው። የሚጠይቅ ባይኖር ኖሮ ባዶ ቦታው ይረሳ ነበር።

በስም መጥሪያ መዝገብ ላይ

መምህር ሁልጊዜ የሚያነበው አንድ መጽሐፍ አለ፤ የስም መጥሪያ መዝገብ። የመጣ ሰው ምልክት ይደረግለታል፤ የቀረ ሰው ቦታው ባዶ ይሆናል። ባዶዎቹ ዝም ብለው የተበተኑ ይመስላሉ። ወር ሲሞላ ግን መልክ ያወጣሉ። በገበያ ቀን የሴቶቹ ረድፍ ባዶ ይሆናል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ቡና በሚለቀምበት ጊዜ፣ መዝገቡ ከዳር እስከ ዳር ይሳሳል። ውኃ ከሩቅ በሚቀዳበት ቀበሌ እናቶች አርፍደው ይመጣሉ።

መዝገቡን ያላነበበ መምህር «እነዚህ ሰዎች ትምህርት አይወዱም» ይላል። ያነበበው ግን የትምህርቱን ሰዓት ከገበያ ቀን ያሸሻል፤ በለቀማ ጊዜ ትምህርቱን ማታ ያደርገዋል። ባሎችንም «ሚስትህ ፊደል በምትቆጥርበት ሰዓት ልጁን ማን ይይዛል?» ብሎ ይጠይቃል። ባዶው ቦታ የስንፍና ምልክት ሳይሆን የሥራ ብዛት ምልክት ነበረ።

ስለ ትምህርታችንም አንድ የታሪክ ነገር አስታውሱ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ትምህርቱ ቆይቶ በ15 የሀገራችን ቋንቋዎች ተሰጠ። በ1972 ዓ.ም. ዘመቻው በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ። ብዙ ሰው ፊደል ለየ፤ የምስክር ወረቀትም ተቀበለ። ነገር ግን ከምስክር ወረቀቱ በኋላ የሚነበብ መጽሐፍና ጋዜጣ ያልደረሳቸው ብዙዎች ነበሩ። ሳያነቡ ወር አለፈ፣ ዓመት አለፈ፣ ፊደሉ ተመልሶ ጠፋ። ጉድለቱ የሰዎቹ አእምሮ አልነበረም፤ በትምህርቱና በኑሮው መካከል የተተወው ክፍተት ነው።

ይህ ክፍተት በእናንተ ላይ እንዳይደርስ በየቀኑ ጥቂት አንብቡ። መጽሐፍ ባይኖር የሳሙና መጠቅለያ፣ የመድኃኒት ማሸጊያ፣ የቀበሌ ማስታወቂያ፣ የልጆቻችሁ ደብተር አለ። ልጆቻችሁ በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ የሚማሩ ከሆነ ደግሞ እነርሱ ቁቤን ያስተምሯችሁ፤ እናንተ ፊደልን አስተምሯቸው። ቤት ውስጥ ያለው ክፍተት እንዲህ ይሞላል።

እንግዲህ ነገራችንን እናጠቃልል። በቃላት መካከል ያለውን ክፍተት፣ የሕፃኑን እርግብግቢት፣ የንቧን መንገድ ተዉአቸው፤ ሥራ አላቸው። የውሉን ባዶ መስመር፣ የክትባቱን ሣጥን፣ የጨዉን አዮዲን ሙሉ። ከመዝገቡ ላይ የጠፋውን ስም ደግሞ ጠይቁለት።

መልመጃ

ሀ. ባዶ ቦታውን በትክክለኛው ቃል ወይም ቁጥር ሙሉ።

1. በ205 ውስጥ በአሥር ቤት ማንም አለመኖሩን የምትነግረን ______ ናት።

2. በባዶ ወረቀት ላይ ከቶ ______።

3. የኩፍኝ ክትባት መጀመሪያ የሚሰጠው በ______ ወር ነው።

4. በአፈርና በሰብል ውስጥ ______ ሲጎድል እንቅርት ይወጣል።

5. የአክሱም ሐውልት ከጣልያን የተመለሰው በ______ ዓ.ም. ነው።

ለ. ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ተወያዩ።

1. በቤታችሁ ያለውን የክትባት ካርድ አውጥታችሁ አንብቡ። ባዶ ሣጥን አለው ወይ?

2. በክፍላችሁ መምጣት ያቆመ ሰው አለ ወይ? ለምን እንደ ቀረ ማን ሄዶ ይጠይቀው?